የአሮጌ ሞተር ሳይክልን የፊት ሾክ ማሻሻል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከጎንደር ፒያሳ ወደ አዘዞ ሲወርዱ፣ ወይም ኮብልስቶን በለበሰው የውስጥ ለውስጥ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዙ፣ የደከመ የፊት ሾክ ወዲያው ራሱን ያጋልጣል። ፊቱ ይዘፈቃል፣ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ድንጋዩ በቀጥታ እጅ ላይ ይመታል። እዚህ ያሉት መልሶች በያማሃ ኤጂ 100 እና ዲቲ 125፣ በሆንዳ ኤክስኤልና ሲጂ፣ በባጃጅ ቦክሰርና በመሳሰሉት ላይ ለሚገኘው ቀላል ሾክ ናቸው። ክሮም ቱቦው ከላይ፣ አሉሚኒየም እግሩ ከታች የሆነው ማለት ነው። ተገልብጦ የተሠራው፣ ወፍራሙ ቱቦ ከላይ የሆነው አዲስ ዓይነት ሾክ ሥራው ሌላ ስለሆነ እዚህ አልተካተተም።

ሾኩ ውስጥ ምን አለ? የቱ ክፍል ምን ይሠራል?

በእያንዳንዱ እግር ውስጥ አንድ ረጅም ሞላ፣ ጎኑ ላይ ቀዳዳዎች ያሉት አንድ ባዶ ዘንግ፣ ዘይት እና ከዘይቱ በላይ የታፈነ አየር አለ። ሞላው ክብደት ይሸከማል። ዘይቱ በዘንጉ ቀዳዳዎች እየተገፋ ሲያልፍ እንቅስቃሴውን ያዘገያል። አየሩ ደግሞ ሾኩ ወደ መጨረሻው ሲታመቅ እንደ ሁለተኛ ሞላ ሆኖ ይገፋል።

የአሮጌ ሾክ ዋና ድክመት ከቀዳዳዎቹ ይመጣል። ስፋታቸው አይለወጥም፤ ዘይቱ በእጥፍ ፍጥነት ሲገፋ ተቃውሞው ወደ አራት እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ ፍሬን ተይዞ ሾኩ ቀስ ብሎ ሲወርድ ዘይቱ እምብዛም አይገታውም፤ ጎማው ጉድጓድ ወይም ድንጋይ ሲመታ ግን ዘይቱ ቶሎ ማለፍ አቅቶት ሾኩ እንደ ብረት ይደርቃል። አንድ ሾክ በአንድ ጊዜ ለስላሳም ደረቅም የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን የያዘ ሰው ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ በቀላሉ ይከተላል።

ፍሬን ስይዝ ፊቱ ይዘፈቃል። ሞላ ልቀይር?

ገና ነው። ብዙ አሮጌ ሾክ ደካማ የሚመስለው ዘይቱ ለዓመታት ስላልተቀየረ ወይም ግማሹ ፈስሶ ስላለቀ ነው። መጀመሪያ በንጹሕ ዘይት፣ በትክክለኛው ልክ ይሞላና ይሞከር። ከዚያ ሳጉ፣ ማለትም ሲቀመጡበት ሾኩ የሚወርድበት ልክ (ቀጥሎ ይብራራል)፣ ይለካ። ሞላ የሚታሰበው ልኬቱ ሞላው እንደደከመ ካሳየ በኋላ ነው።

ከዚህ በፊት ግን አንድ ነገር ይለዩ። ፍሬን ሲያዝ «ቋ» የሚል ድምፅ ካለ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሾኩ ሳይሆን የመሪው ኩሽኔታ ነው። ሞተሩ ሥር ሳጥን ወይም ክሪክ አስገብተው የፊት ጎማውን ከመሬት ያንሱ፤ ሁለቱን እግሮች ከታች ይዘው ወደፊትና ወደኋላ ይግፉ ይሳቡ። የሚላወሰው መሪው ግንድ ላይ ከሆነ ኩሽኔታው ላልቷል። መሪውን ቀስ ብለው ከግራ ወደ ቀኝ ሲያዞሩ መሐል ላይ እንደ ጎድጓዳ ነገር የሚይዘው ከሆነ ደግሞ ኳሶቹ የሚሄዱበት ሳህን ተበልቷል፤ ማጥበቅ አያድነውም፣ መቀየር አለበት። ኩሽኔታው እንዲህ እያለ ሾክ ላይ ገንዘብ ማውጣት ከንቱ ነው።

ሳግ ምንድን ነው? እንዴት ይለካል?

ሳግ ማለት እርስዎ ሞተሩ ላይ ሲቀመጡ ሾኩ ከሙሉ ርዝመቱ የሚወርድበት ልክ ነው። ሁለት ረዳትና አንድ ሜትር ይበቃል። አንዱ ሞተሩን ከኋላ ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ ሌላው ይለካል።

የፊት ጎማው አየር ላይ እያለ ከአቧራ መከላከያው ጎማ እስከ ታችኛው የሾክ ማቀፊያ (ሁለቱን ቱቦዎች ከመሪው ግንድ ጋር የሚይዘው) ያለውን ክሮም ይለኩ። 190 ሚሊ ሜትር ሆነ እንበል። ከዚያ ሞተሩን አውርደው፣ ሄልሜትና ሁልጊዜ የሚይዙትን ቦርሳ ይዘው ይቀመጡ። ረዳቱ ፊቱን ወደ ታች ይጫንና በጣም ቀስ ብሎ ይልቀቀው፤ የቆመበት ይለካ፣ 148 እንበል። ቀጥሎ ወደ ላይ ይሳበውና ቀስ ብሎ ይልቀቀው፤ 158 እንበል። የሁለቱ አማካይ 153 ነው፤ 190 ሲቀነስ 153፣ ሳጉ 37 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በ148 እና በ158 መካከል ያለው 10 ሚሊ ሜትር ልዩነት የሰበቃው ምስክር ነው። ከ15 በላይ ከሆነ ሾኩ ውስጥ የሚይዝ ነገር አለ፦ የጎበጠ ቱቦ፣ የደረቀ ኦይል ሲል (ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዘው የጎማ ቀለበት)፣ ወይም ጎማው ሲታሰር የተጣመሙ እግሮች።

ለአስፋልትና ለኮብልስቶን ሞተር ከ30 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ጥሩ ነው። እንደ ዲቲ 125 ላለ ረጅም ሾክ ከጠቅላላ ጉዞው ሩብ እስከ ሲሶ ይፈቀድለታል። ሳጉ ሲበዛ ሾኩ ፍሬን ከመያዙ በፊት ግማሹን ጨርሷል ማለት ነው፤ ሲያንስ ደግሞ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ መሬቱን መከተል አይችልም።

አሁን ሁለተኛውን ልኬት ይውሰዱ፦ ማንም ሳይቀመጥበት በራሱ ክብደት የሚወርደውን። ሳጉ እርስዎ ተቀምጠው ልክ ሆኖ ሞተሩ ብቻውን ሲሆን ምንም የማይወርድ ከሆነ ሞላው ደክሟል፣ የያዘው ክዳኑ ሲዘጋ ከመጠን በላይ ታምቆ ስለሆነ ብቻ ነው። ይህች ትንሽ ልኬት ከማንኛውም የመካኒክ ግምት ትበልጣለች።

ምን ዘይት ልጠቀም? የሞተር ዘይት አይሆንም?

20ደብሊው50 የሞተር ዘይት አይሆንም። ለሾክ በጣም ወፍራም ነው፤ በተለይ ጠዋት በብርድ ሾኩ ወርዶ ሳይመለስ ሁለተኛው ጉድጓድ ይደርስበታል፣ ሦስተኛው ላይ ጥግ ይመታል። ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት ደግሞ ከነቆሻሻው ስለሚገባ ኦይል ሲሉንም ክሮሙንም ይፍቃል። የፍሬን ዘይት በፍጹም አይገባም፤ የሾኩን ጎማ ያብጠዋል፣ ያበላሸዋል።

የሾክ ዘይት ከተገኘ ለአብዛኛው አሮጌ ሞተር 10ደብሊው መነሻ ነው፤ ከባድ ነጂ ወይም ጠንካራ ሞላ ካለ 15ደብሊው። ይህ ቁጥር ግን ከአንዱ አምራች ወደ ሌላው እኩል አይደለም፤ የአንዱ 10 የሌላውን 15 ሊያህል ይችላል። አስተማማኙ በ40 ዲግሪ የተለካው የዘይቱ ውፍረት፣ በሴንቲስቶክ የሚጻፈው ነው፤ 10ደብሊው የሚባለው ብዙ ጊዜ 32 አካባቢ፣ 15ደብሊው 46 አካባቢ ይሆናል።

እዚህ ላይ ለጎንደር ሰው የሚጠቅም ነገር አለ። ለሎደርና ለትራክተር የሚሸጠው የሃይድሮሊክ ዘይት ጣሳው ላይ 32፣ 46 ወይም 68 ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ይኸው በ40 ዲግሪ የተለካ ውፍረት ነው። ስለዚህ የሾክ ዘይት ሲጠፋ ንጹሕ፣ ያልተከፈተ የሃይድሮሊክ 32 ወይም 46 ከሞተር ዘይት እጅግ ይሻላል። ለመኪና ካምቢዮና ለመሪ የሚገባው ቀዩ ኤቲኤፍም ወደ 32 የሚጠጋ ስለሆነ ይሠራል። 68 የሚገባው ለከባድ ጭነት ብቻ ነው።

በወፍራም ዘይት የደከመ ሞላን መሸፈን ግን ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው። ዘይት ክብደት አይሸከምም። ሾኩ ዝቅ እንዳለ ይቀራል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ይደርቃል።

ዘይቱን ራሴ እንዴት ልቀይር?

በዚህ መጠን ላሉ ሞተሮች 1 ሊትር ለሁለቱም እግር ይበቃል። ቁልፎች፣ የ6 እና የ8 አለን ቁልፍ፣ ለታችኛው ብሎን አዲስ የመዳብ ሮንዴላ፣ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ 60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅና የግሉኮስ ቱቦ ያዘጋጁ።

ፊቱን ከማንሳትዎ በፊት የላይኛውን ማቀፊያ ብሎን አላልተው የሾኩን ክዳን ሩብ ዙር ብቻ ይፍቱ። ቱቦው በታችኛው ማቀፊያ ተይዞ እያለ ክዳኑ በቀላሉ ይነቃነቃል፤ ከወጣ በኋላ ግን የሚይዘው አጥተው ሞርሳ ላይ ያደርጉትና ክሮሙን ያቆስሉታል። ከዚያ ጎማውን፣ ፍሬኑንና ፓራፋንጎውን ያውርዱ። የዲስክ ፍሬን ከሆነ መያዣው በቱቦው ተንጠልጥሎ አይቆይ፣ በሽቦ ይታሰር።

ኦይል ሲልም የሚቀየር ከሆነ፣ እግሩ ሥር ያለውን የአለን ብሎን ሞላው ገና ውስጥ እያለ ያላሉ። ሞላው ዘንጉን ተጭኖ ስለሚይዘው አብሮ አይዞርም። ክዳኑ ከተከፈተ በኋላ ብሎኑን ለመፍታት የሚሞክር ሰው ዘንጉ ውስጥ ለውስጥ እየዞረበት ግማሽ ቀን ያጠፋል።

ክዳኑ ሲወጣ ሞላው ይገፋዋል። ፊትዎን ከላይ አይደቅኑ፤ በጨርቅ ሸፍነው፣ በመዳፍ ወደ ታች እየተጫኑ የመጨረሻዎቹን ጥርሶች ይፍቱ። አንዳንድ ሞተር ላይ ክዳኑ ጥርስ የለውም፣ በሽቦ ቀለበት የተያዘ ነው፤ ክዳኑን በእንጨት ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ሲጫኑት ቀለበቱ ነጻ ይሆናል፣ በቀጭን ካቻቢቴ ይወጣል። ይህ ሁለት ሰው ይፈልጋል።

ሞላውን ያውጡ፤ የትኛው ጫፍ ከላይ እንደነበር ምልክት ያድርጉበት። ዘይቱን ገልብጠው እየገፉ ያፍስሱ። ግራጫ ሆኖ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ከአሉሚኒየሙ የተበላ ብናኝ ነው። በናፍጣ ወይም በነጭ ጋዝ ይጠቡ፣ ደህና አድርገው ያንጠፍጥፉ፣ በመጨረሻ በትንሽ አዲስ ዘይት ያለቅልቁ፤ ናፍጣ ከቀረ አዲሱን ዘይት ያቀጥነዋል። የተቀዳው ዘይት በጄሪካን ይጠራቀም እንጂ ወደ ቦይ አይደፋ። የቦዩ ውሃ ወንዝ ነው የሚገባው።

አዲሱን ሲሞሉ ቱቦውን ከ10 እስከ 15 ጊዜ ከፍ ዝቅ አድርገው አየሩን ያስወጡ፣ 10 ደቂቃ ያቆዩት። ከዚያ ሞላው ውጭ ሆኖ፣ ቱቦው እስከ መጨረሻው ወርዶ፣ ከቱቦው አፍ እስከ ዘይቱ ፊት ያለውን ይለኩ። የአምራቹ ልክ ካለ እሱ ይከበር፤ ከሌለ 150 ሚሊ ሜትር መነሻ ይሆናል። የግሉኮስ ቱቦውን ከ150ኛው ሚሊ ሜትር ላይ በክር ከማስመሪያ ጋር ያስሩት፤ ትንሽ አብዝተው ሞልተው በሲሪንጁ ሲስቡ ትርፉ ብቻ ይወጣና ልኩ ላይ ሲደርስ አየር መሳብ ይጀምራል። በብርጭቆ ለክቶ ማፍሰስ ይህን አይተካም፤ ውስጡ 28 ሚሊ ሜትር በሆነ ቱቦ ላይ የ10 ሚሊ ሜትር ልዩነት 6 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፣ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ የሚቀረው ዘይት እንኳ ያንን ያህላል። ሁለቱ እግሮች እኩል ይሁኑ።

ክሮሙ ላይ የፕላስቲክ ማሰሪያ አስረው ይንዱ፤ የት ድረስ እንደተገፋ ያሳያል። ሳጉ ልክ ሆኖ ሾኩ አሁንም ጥግ የሚመታ ከሆነ ዘይቱን 10 ሚሊ ሜትር ከፍ ያድርጉ፣ እንደገና ይሞክሩ። ከቱቦው አፍ እስከ ዘይቱ ያለው ግን ከ100 ሚሊ ሜትር አይነስ። አየሩ ሲያንስ ግፊቱ ይበረታና ኦይል ሲሉን ይገፋዋል።

ሞላውን ቆርጬ ማጠንከር እችላለሁ?

አንዳንዴ ይቻላል፣ አንዳንዴ ሾኩን ያበላሻል፤ የሚለየው ስሌት ነው።

ሞላ ሲቆረጥ ይጠነክራል። የሚሠሩት ቀለበቶች 60 ከነበሩና 6 ቢቆረጡ 11 በመቶ ይጨምራል። የጎደለው ርዝመት በቧንቧ ቁራጭ ይተካል። አደጋው ቀለበቶቹ እርስ በርስ ተገጣጥመው የሚቆሙበት ጊዜ ነው፤ ያኔ ሾኩ ጉዞውን ሳይጨርስ ብረት በብረት ይሆናል፣ ክዳኑ ወይም ማቀፊያው ይሰበራል።

በምሳሌ እንየው። ሽቦው 4 ሚሊ ሜትር፣ ቀለበቶቹ በጠቅላላ 62፣ የሾኩ ጉዞ 130፣ ክዳኑ ሲዘጋ ሞላው የሚታመቀው 20 ሚሊ ሜትር ይሁን። ሞላው በድምሩ 150 መታመቅ መቻል አለበት። 62 ሲባዛ በ4፣ 248፤ ሙሉ በሙሉ ሲገጣጠም ርዝመቱ ይህ ነው። ነጻ ርዝመቱ 450 ከሆነ 202 ይታመቃል፣ ሰፊ ትርፍ አለው። 6 ቀለበት ቢቆረጥ ነጻ ርዝመቱ ወደ 406፣ የተገጣጠመው 224 ይሆናል፤ 182 ይቀረዋል፣ አሁንም ይበቃል። ያው ሞላ ነጻ ርዝመቱ 400 ቢሆን ግን ሳይቆረጥም የሚታመቀው 152 ብቻ ነው። 6 ቢቆረጥ 137 ይቀረዋል፣ ከሚያስፈልገው 150 ያንሳል። እንዲህ ያለውን ሞላ የሚቆርጥ ሰው ሾኩን በገዛ እጁ ይሰብራል።

ስሌቱ ከፈቀደ በዲስክ ይቆረጥ፣ በእሳት አይቆረጥ፤ ሙቀቱ የብረቱን ጥንካሬ ይሰልበዋል። ከሁለቱም ሞላ እኩል ቁጥር ይውጣ። የተቆረጠው ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ፣ በሮንዴላ ላይ ይቀመጥ፣ ወደ ላይ ይዙር። አንዱ ጫፍ ጠባብ ጠባብ ሆኖ የተጠቀለለ ሞላ ከሆነ ጠባቦቹን መቁረጥ የሚያመጣው ለውጥ ከስሌቱ ይለያል፤ እንዲህ ያለውን ባይነኩት ይመረጣል።

ከቆሻሻ ተራ ከሌላ ሞተር ሞላ ለመውሰድ ካሰቡ በዓይን አይገመት፣ በካሊፐር ይለካ። ሽቦው ከ4 ወደ 4.2 ሚሊ ሜትር ቢወፍር፣ ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ፣ ሞላው ወደ 22 በመቶ ይጠነክራል። በዓይን የማይታይ ልዩነት ነው።

ከሞላው በላይ ቧንቧ መጨመርስ?

ቧንቧ ሞላውን አያጠነክረውም፣ መነሻውን ከፍ ያደርገዋል። 10 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ሳጉን በ10 ሚሊ ሜትር ይቀንሳል፣ ሌላ ምንም አያደርግም። ሞላው ልክ ሆኖ ሳጉ ትንሽ ከበዛ ርካሹና ትክክለኛው መፍትሔ ይሄ ነው። ቶርኖ ቤት ጫፉ ቀጥ ተደርጎ የተቆረጠ የብረት ወይም የአሉሚኒየም ቧንቧ ይሁን፣ በሁለቱም ጫፍ ሮንዴላ ይግባበት። ሳንቲም ከላይ መደርደር የተለመደ ነው፤ ሳንቲሞቹ ግን እየተፋጩ ዘይቱን በብናኝ ይሞሉታል። ሞላው ክዳኑ ሲዘጋ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ እንዲታመቅ የሚያስገድድ ከሆነ ጥያቄው ወደ ሞላው ይመለሳል።

ኦይል ሲል በየጊዜው ይፈስብኛል። ለምን?

ኦይል ሲሉ ብቻውን ብዙም አይጠፋም፤ የሚያጠፋው ነገር አለ። ጥፍርዎን ክሮሙ ላይ ከላይ ወደ ታች ይሳቡ። የሚይዘው ቦታ ካለ ዝገት በልቶታል፣ በየጉዞው የኦይል ሲሉን ከንፈር ይልጠዋል። ጉድጓዷ ትንሽ ከሆነች በቤንዚን አጽድተው በኤፖክሲ ይሙሉ፣ ሲደርቅ በ1000 ከዚያም በ2000 ብርጭቆ ወረቀት ከዘይት ጋር ዙሪያውን ይጥረጉ። ከላይ ወደ ታች አይጠረግም፤ ጭረቱ ዘይት የሚወጣበት ቦይ ይሆናል።

የደረቀው ወቅት አቧራና የሐምሌና የነሐሴ ጭቃ ደግሞ ከንፈሩ ሥር ይገባሉ። አዲስ መፍሰስ ከጀመረ ከመፍታት በፊት የአቧራ መከላከያውን ወደ ላይ ገፍተው፣ ከውሃ ፕላስቲክ በተቆረጠ ቀጭን ቁራጭ ከንፈሩን ዙሪያውን ይጥረጉ። አንድ የአሸዋ ቅንጣት ብቻ ሆኖ ሊያቆም ይችላል። እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈው የጎማ ሽፋን ለገጠር መንገድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ብቻ ሥሩ ውሃ የሚያፈስበት ትንሽ ቀዳዳ ይኑረው፣ አለዚያ ጭቃውን ይዞ ክሮሙን ያዝገዋል።

አዲስ ሲገዙ አሮጌው ላይ የተጻፉትን ሦስት ቁጥሮች ይዘው ይሂዱ፦ የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋት፣ ውፍረት። ሲገባ የቱቦው ጫፍ በስስ ፌስታል ይሸፈን፣ ከንፈሩ በዘይት ይራስ፣ ትንሿ ክብ ሞላ ያለችበት ጎን ወደ ዘይቱ ይዙር። መግፊያው ልኩ የሆነ የፕላስቲክ ቧንቧ ይሁን። በካቻቢቴ ጎን ለጎን እየመቱ ማስገባት አዲሱን ገና ሳይሠራ ይገድለዋል።

አየር መሙያ ቫልቭ ያለው ሾክ ከሆነ ደግሞ ጎሚስታ ቤት ወስደው በኮምፕሬሰር አያስሞሉ። ውስጡ ያለው ቦታ በጣም ጠባብ ስለሆነ አንድ ጊዜ ሲነካ ግፊቱ ከልክ አልፎ ኦይል ሲሉን ያፈናቅላል።

ኢሙሌተር የሚባለው ቫልቭ ይጠቅማል?

እውነተኛ ማሻሻያ ከተባለ ይሄ ነው። በዘንጉ አናት ላይ ተቀምጦ በሞላው የሚያዝ ትንሽ ቫልቭ ነው፤ ቀስ ያለው እንቅስቃሴ ላይ ይገታል፣ ኃይለኛ ምት ሲመጣ ይከፈታል። መጀመሪያ ላይ የተነሳውን «ለስላሳም ደረቅም» የሚለውን ችግር ከሥሩ ይፈታል። ታዋቂው ሬስ ቴክ የተባለው አምራች የሚሠራው ነው፣ ተመሳስለው የተሠሩም አሉ።

እንዲሠራ ግን የዘንጉ አሮጌ ቀዳዳዎች መስፋት አለባቸው፤ የተለመደው 6 ቀዳዳ፣ እያንዳንዱ 8 ሚሊ ሜትር ነው። የሚሰፉት ከታች ያሉት፣ ወደ ታች ሲወርድ ዘይት የሚያልፍባቸው ናቸው። ከላይ ያለችው አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ሾኩ ተመልሶ ሲነሳ የምትገታው ስለሆነች አትነካም። ተሳስቶ እሷን የሰፋ ሰው ሾኩ እንደ ኳስ ይነጥርበታል። ከላይ ያለው ቧንቧም በቫልቩ ውፍረት ልክ ይጠር። ከመግዛትዎ በፊት የዘንጉን ራስ ስፋትና የቱቦውን ውስጥ ይለኩ፤ ለቀጫጭን ቱቦዎች የሚሆን ልክ ላይገኝ ይችላል። ቫልቩ ሳይኖር ቀዳዳ ማስፋት ደግሞ ሾኩን ባዶ ያደርገዋል።

ከሌላ ሞተር ሙሉ ሾክ ብገጥምስ?

ይቻላል፤ ግን በጥንድ እግር ብቻ አይሆንም። ማቀፊያዎቹ፣ ጎማው፣ ፔርኖው (ጎማው የሚዞርበት ዘንግ)፣ ፍሬኑና የኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ገመድ እንደ አንድ ዕቃ አብረው ይምጡ። መለካት ያለበት የመሪው ግንድ ርዝመትና የኩሽኔታው የውስጥና የውጭ ስፋት ነው። ግንዱን በብየዳ ማስረዘም ሕይወት ላይ መቆመር ስለሆነ እሱን የሚያቀርብልዎትን ሠራተኛ ይተዉት።

አዲሱ ሾክ ረዘም ካለ አነዳዱ ይለወጣል። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 1,300 ሚሊ ሜትር ከሆነ ፊቱ በ23 ሚሊ ሜትር ሲነሳ የመሪው ዘንበል ማለት በ1 ዲግሪ ይጨምራል፤ ሞተሩ ቀጥ ባለ መንገድ ይረጋጋል፣ ጠባብ ኩርባ ላይ ግን ይከብዳል። ቱቦዎቹን በማቀፊያው ውስጥ ወደ ላይ ማሳለፍ ይህን ያስተካክላል፤ ሾኩ እስከ መጨረሻው ሲወርድ ጎማው ፓራፋንጎውን ወይም ማቀፊያውን አለመንካቱን ግን ሞላውን አውጥተው በእጅ ያረጋግጡ።

ወድቄ ቱቦው ጎበጠ። ይቃናል?

መጀመሪያ ጎብጦ ነው ወይስ ተጣሞ? ከውድቀት በኋላ መሪው ወደ አንድ ጎን የዞረ ብዙ ሞተር ቱቦው ደህና ሆኖ ማቀፊያው ውስጥ ብቻ ተጠማዞ ነው። ፔርኖውንና የማቀፊያ ብሎኖቹን አላልተው፣ ጎማውን በሁለት ጉልበት ይዘው መሪውን ይመልሱና ያጥብቁ።

አሁንም ጠማማ ከሆነ ቱቦው ወጥቶ በወፍራም መስታወት ላይ ይንከባለል። ብርሃን ከሥሩ ብልጭ እያለ ካለፈ ጎብጧል፤ በብዙ ማንዋሎች የሚፈቀደው 0.2 ሚሊ ሜትር ነው። የያማሃ ማንዋሎች የጎበጠ ቱቦ እንዳይቃና በግልጽ ይከለክላሉ፣ ብረቱ ስለሚደክም። ፕሬስ ላይ አቃንቶ የሚሰጥ ሠራተኛ አይጠፋም፤ ክሮሙ የተሰነጠቀ ወይም ብረቱ የተጨማደደ ከሆነ ግን ምንም ርካሽ ቢሆን አይቀበሉ።

መተማ ስወርድና ደባርቅ ስወጣ ሾኩ ለምን ይለያያል?

ሁለት ነገር ይለወጣል። መተማ ላይ ሙቀቱ ዘይቱን ያቀጥነዋል፤ ደባርቅ ላይ የጠዋቱ ብርድ ያወፍረዋል። ብዙ ጊዜ ቆላ የሚሠራ ሞተር 15ደብሊው፣ ደጋ የሚሠራ 10ደብሊው ቢያደርግ ይሻለዋል።

ሁለተኛው አየሩ ነው። መተማ 700 ሜትር ገደማ፣ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ነው። እዚያ የተዘጋ ሾክ ጎንደር ሲደርስ የውጭው አየር ስለሚሳሳ ውስጡ የቀረው አየር ይገፋል፤ በ33 ሚሊ ሜትር ቱቦ ላይ ለሁለቱ እግር ተደምሮ 2.5 ኪሎ ገደማ ይደርሳል። ትንሽ ነው፣ ግን ያለማቋረጥ ኦይል ሲሉን ይገፋል። ጎማውን ከመሬት አንስተው ክዳኑን ወይም የአየር ቫልቩን አንዴ ከፍተው መዝጋት በቂ ነው። ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፤ ጎማው መሬት ላይ እያለ ክዳን አይከፈትም፣ የሞተሩ ክብደት ሞላውን ታምቆ ይዞታልና።

ገጥሜ ስጨርስ ምን ልፈትሽ?

ክዳኑና የታችኛው የአለን ብሎን ከ20 እስከ 25 ኒውተን ሜትር ይታሰራሉ፤ የአለኑ ብሎን ጥርስ ላይ ሎክታይት (ብሎን እንዳይላላ የሚይዝ ማጣበቂያ) ይደረግ፣ የመዳብ ሮንዴላው አዲስ ይሁን። ከዚያ ብዙዎች የሚዘሉት አለ፦ ፔርኖው ገብቶ የጎኑ ማሰሪያ ብሎን ገና ሳይጠብቅ ሞተሩን መሬት አውርደው፣ የፊት ፍሬን ይዘው ሾኩን አራት አምስት ጊዜ ወደ ታች ይግፉ። ሁለቱ እግሮች በራሳቸው ትክክለኛ ቦታቸውን ይይዛሉ። ያኔ ይጠብቅ። ይህ ካልተደረገ እግሮቹ እርስ በርስ ተሳስበው ይቀራሉ፣ አዲስ ሞላና አዲስ ዘይት ገብቶም ሾኩ ይይዛል።

መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ ጥግ አዙረው የፍሬኑ ቱቦና ገመዶቹ አለመወጠራቸውን ይዩ። የፊት ፍሬኑን ቆመው ጥቂት ጊዜ ይጭመቁ፤ ጎማ ሲወርድ የዲስኩ ፍሬን ሸራ ስለሚከፈት የመጀመሪያው ጭመቃ ባዶ ይሆናል፣ ይህም ቁልቁለት ላይ መታወቅ የለበትም። ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ የማቀፊያዎቹን ብሎኖች እንደገና በቁልፍ ይንኩ፣ ከአቧራ መከላከያው በታች በጣት ዳስሰው ዘይት መኖር አለመኖሩን ያረጋግጡ።